ቀይ ቀበሮን ቁጭ ብሎ መጠበቅ፦ በወሎ ደጋ ከመደበቂያ ሆኖ ለማየት ዝርዝር መመሪያ

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ነው የሚኖረው። አንድ ጊዜ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ድብ አደን ሄዶ ነበር። ማታ በስልክ ሲያወራኝ ስለ ድቡ ብዙም አልነገረኝም። የነገረኝ ስለ መቀመጡ ነው። ከጣውላ በተሠራች ጠባብ መደበቂያ ውስጥ ከቀትር እስከ ምሽት ቁጭ አለ። ድቡም አልመጣም። "መተኮሱን ተምሬ ነበር፤ ቁጭ ማለቱን ግን ማንም አላስተማረኝም" አለኝ።

እኔ አዳኝ አይደለሁም። ቁጭ ማለቱን ግን አውቀዋለሁ። ክረምቱ ሲያልፍ ወደ ወሎ ደጋ እወጣና ቀይ ቀበሮ እጠብቃለሁ። የምይዘው ካሜራ፣ ባይኖኩላርና አጎዛ ነው። ድብ በአገራችን የለም። በአፍሪካ የነበረው ድብ የሰሜኑ የአትላስ ተራሮች ድብ ነው፤ እሱም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠፋ። አጠባበቁ ግን ይመሳሰላል። ድብም ሆነ ቀበሮ እናንተን ከማየቱ በፊት ያሸታችኋል። ሁለቱም የሚመጡት በራሳቸው ሰዓት ነው።

ያደግሁት ቆቦ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ እኛ ልጆች ማማ ላይ ወጥተን ግሪሳና ዝንጀሮ እንጠብቅ ነበር። በእጃችን ወንጭፍ፣ በኪሳችን ጠጠር። አጎቴ ማማው ላይ ከመውጣቴ በፊት ሁልጊዜ አንድ ጆንያ ጭድ ያቀብለኛል። "መቀመጫህ ሲቆረቁርህ ዓይንህ ይታወራል" ይለኝ ነበር። ዛሬም በዚህ ነው የምመራው። ብዙ ሰው "እኔ ትዕግሥት የለኝም" ይላል። እኔ እስካየሁት ድረስ ሰው ከመደበቂያ ቶሎ የሚነሳው በርዶት፣ ርቦት፣ እግሩ ደንዝዞ ወይም ሽንቱ መጥቶ ነው። እነዚህን ቀድሞ ያሰበ ሰው ይቀመጣል። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

መጀመሪያ፦ ምን እንደምትጠብቁ እወቁ

ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎች ሲቆጠሩ 500 አይሞሉም። የሚኖረው በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። ከመንደር ውሻ እምብዛም አይበልጥም፤ ወንዱ ከ14 እስከ 19 ኪሎ ይመዝናል። እግሩ ረጅም፣ አፉ ሹል ነው። ቀለሙ ቀላ ያለ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ነው። ጀርባው ግራጫ የሆነውን ተራውን ቀበሮ አይታችሁ እንዳትደሰቱ፤ እሱ ሌላ ነው።

ሌሊቱን በቡድን ሜዳ ላይ ተጠቅልለው፣ አፍንጫቸውን ጭራቸው ሥር ደብቀው ያድራሉ። ጎህ ሲቀድ ተነስተው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ የግዛታቸውን ድንበር እየዞሩ በሽንት ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ ይበታተናሉ። አደኑ የየብቻ ነው፤ ምግባቸውም በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። ይህን ማወቅ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ቀበሮ የምትፈልጉ ከሆነ በቅድሚያ የአይጥ አገር ፈልጉ። አይጥ የሌለበት ሜዳ ላይ ሳምንት ብትቀመጡ የምታዩት ጉም ብቻ ነው።

የት፣ መቼ

በወሎ ሁለት ቦታ እመክራለሁ። አንዱ በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም አቅጣጫ ተጉዛችሁ የምታገኙት የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ደንቆሮ ጫካ የሚባለው በዚያ ነው። ከጫካው በላይ የአስታ ቁጥቋጦና የጓሳ ሣር የለበሰ ደጋ አለ፤ ቀበሮው የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ሌላው በሰሜን ወሎ፣ ከላሊበላ በእግር የሚወጣበት አቡነ ዮሴፍ ነው። ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ደውላችሁ ጠይቁ። በሰማችሁት ወሬ አትሂዱ። እዚያ የሚኖር ሰው "ዛሬ ሰላም ነው" ሲላችሁ ብቻ ተነሱ።

ወቅቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ቢሆን ጥሩ ነው። ዝናቡ ያቆማል፣ ሰማዩ ይጠራል። ሌሊቱ ግን ይከፋል። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ታገኙታላችሁ። ሌላም ጥንቃቄ አለ። በባሌ ቡችሎቹ በብዛት የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ እኔም በወሎ በእነዚህ ወራት ቡችላ እንዳለ ቆጥሬ ነው የምንቀሳቀሰው። ቡችሎቹ ሦስት ሳምንት ያህል ከጉድጓድ አይወጡም። ጉድጓድ ካያችሁ አትጠጉ፣ መደበቂያም አጠገቡ አትሥሩ። እናትየው ከተረበሸች ቡችሎቿን በአፏ ይዛ ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዛውራለች። በዚያ ብርድ ቡችላ ማዛወር ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ፎቶ ለዚያ አይበቃም።

ከቆላ የምትመጡ ከሆነ ላሊበላ ወይም ደሴ አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ ሁለቱም 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ ተራራው አይሸሽም፤ ውረዱ።

ከሰው ጋር ተስማሙ

ይህን ክፍል ብዙዎች ይዘሉታል። እኔ ግን ከካሜራው አስቀድማለሁ።

ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝገቡ፣ የመግቢያውን ክፈሉ፣ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ያዙ። ስካውቱ ቀበሮዎቹ የት እንዳሉ ያውቃል፤ እናንተ ሦስት ቀን የምትፈልጉትን እሱ በግማሽ ቀን ያሳያችኋል። ከዚያ ወደ ቀበሌው ሂዱ። እስቲ አስቡት፦ የማይታወቅ ሰው በጨለማ ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ድንጋይ ሥር ተደብቆ፣ በረጅም ነገር መንደር እያየ ተቀምጧል። ማን ነው የማይደነግጠው? በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አደጋ ያመጣል። ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትቀመጡ፣ እስከ መቼ እንደምትቆዩ ተናገሩ። ድሮን ቤት ይቅር።

የእረኞቹን አባቶችም አግኙ። ቤት ገብታችሁ ቡናው ጀባ ሲባል ተቀምጣችሁ ጠጡ፤ አንድ ሲኒ ጠጥታችሁ እንዳትሮጡ። ሦስተኛው ሲኒ ላይ ነው ቀበሮው ትናንት የት እንደታየ የሚነገራችሁ። እኔ ያገኘሁት ምርጡ ቦታ በዚህ መንገድ የተነገረኝ ነው።

ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። ቀይ ቀበሮን ክፉኛ ከጎዱት ነገሮች አንዱ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ከዚያ ወዲህም ተመልሷል።

ነፋስ

ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ተራራ ላይ ነፋስ በቀን ሁለት ጊዜ ሐሳቡን ይቀይራል። ሌሊትና ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ይከብዳል፣ እንደ ውኃ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ፀሐይ ወጥታ ቁልቁለቱን ስታሞቀው ደግሞ አየሩ ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣል። እኔ ባየሁት ለውጡ የሚመጣው ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ተመልሶ ይወርዳል። ይህ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ነው። ትልቅ ነፋስ ካለ ሁሉንም ያፈርሰዋል።

እንግዲህ ማለዳ ከቀበሮው በታች ከተቀመጣችሁ ሽታችሁ ወደ ታች ይሄዳል፣ ደህና ናችሁ። ግን 4 ሰዓት ሲሆን ያው ሽታ ሽቅብ ይወጣና አፍንጫው ውስጥ ይገባል። እኔ የተማርኩት በዚህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ የአይጥ ሜዳ በታች ተቀመጥኩ። ቀበሮዋ ከበላዬ፣ 150 እርምጃ ያህል ላይ ሆና ታድናለች። አንድ ሰዓት ሙሉ አየኋት። ከዚያ ፀሐይዋ ጀርባዬን ሞቅ አደረገችው። ወዲያው ቀበሮዋ አንገቷን ቀና አደረገች። አፍንጫዋ ሁለቴ ተንቀሳቀሰ። ሮጣ እንኳን አልሄደችም፤ ዝም ብላ ዞረች፣ ከአፋፉ ባሻገር ጠፋች።

ትንሽ ቆይቶ አንድ እረኛ መጣ። አሥር ዓመት አይሆነውም። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ አየኝና "ጋሼ፣ ሳሙናህ እኮ እዚያ በጎቹ ጋ ድረስ ይሸታል" አለኝ። በጎቹ ማዶ ነበሩ። ማታ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ በሽቶ ሳሙና ታጥቤ ነበር። ልጁ እውነቱን ነው። እሱ ካሸተተኝ ቀበሮዋ ምን ያህል አሽታኝ ይሆን?

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከቀበሮው በላይም በታችም አትሁኑ፤ ከጎን ሁኑ። ቁልቁለቱን አግድም ይዛችሁ፣ ሜዳውን በጎን እያያችሁ ተቀመጡ። ያኔ አየሩ ቢወርድም ቢወጣም ሽታችሁ በአጠገቡ ያልፋል እንጂ ወደ እሱ አይሄድም። ነፋሱን ለማወቅ ደግሞ ከምድጃ የላመ አመድ በትንሽ ጨርቅ ቋጥራችሁ ያዙ። ቋጠሮውን በጣታችሁ ነካ ስታደርጉት የምትበነው አመድ መንገዱን ታሳያችኋለች። በየግማሽ ሰዓቱ ነካ አድርጉት። ነፋሱ ወደ ሜዳው ከዞረ ተስፋ አትቁረጡ፣ ግን ተነሱ። በዚያ ሽታ ተቀምጦ መቆየት ቀበሮውን ለነገም ማራቅ ነው።

ከመሄዳችሁ ሁለት ቀን በፊት ሽቶ፣ ዶዶራንት፣ ሽታ ያለው ሳሙና ተዉ። ልብሳችሁን በውኃ ብቻ አጥባችሁ ደጅ አስጡት። ሲጋራ አይታሰብም።

መደበቂያውን መሥራት

ቢቻል ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ሠርታችሁ ተዉት። አዲስ ነገር ለቀበሮ ጥያቄ ነው። ሲለምደው ድንጋይ ይሆናል።

ጀርባችሁን የሚሸፍን ቋጥኝ ፈልጉ። አፋፍ ላይ አትውጡ፤ ከሰማዩ ጋር የሚታይ ጭንቅላት ከማዶ ይለያል። ከእንስሳ መንገድ ላይም ራቁ። ትኩስ የፍልፈል አፈር ካለበት ቦታ ከ100 እስከ 150 እርምጃ ራቅ በሉ። ትኩሱን አፈር በቀለሙ ታውቁታላችሁ፤ ጥቁርና እርጥብ ነው። የቆየው ግራጫ ሆኖ ይሰነጠቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ሦስት የማዳበሪያ ጆንያ ቀድዳችሁ በሲባጎ ስፏቸው። ነጭ ከሆኑ በጭቃ ለውሷቸው። በአራት አጫጭር እንጨት ላይ ወጥሩት፤ ቁመቱ ተቀምጣችሁ ጭንቅላታችሁን ካለፈ ይበቃል። እንጨቱን ከመንደር ይዛችሁ ውጡ፤ እዚያ ላይ አስታ አትቁረጡ። ጅብራንማ እንዳትነኩ። ጅብራ ስንት ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ለመሸፈኛ የወደቀ ደረቅ ሣር በቂ ነው። ጆንያው በነፋስ እንዳይርገበገብ ጫፎቹን በድንጋይ ጫኑት። የሚርገበገብ ጆንያ መንደር ሙሉ ሰው እጁን እንደሚያውለበልብ ነው።

የማያ ቀዳዳዋን ጠባብ አድርጓት። ከጀርባችሁ ብርሃን የሚያስገባ ክፍተት እንዳይኖር፤ ካለ በቀዳዳው በኩል ጥላችሁ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ውስጡ ጨለማ ሲሆን እናንተ የላችሁም።

አንዳንድ አገር ድብ አዳኞች ከመደበቂያቸው ፊት ምግብ ያስቀምጣሉ። በአሜሪካ እንደ ሜይን ባሉ ግዛቶች ይህ ይፈቀዳል። እኛ ጋ ግን ሥጋ፣ አጥንት፣ እንጀራ፣ ምንም እንዳታስቀምጡ። የሰው ምግብ የለመደ ቀበሮ ወደ መንደር ይወርዳል፣ ከውሻ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ የሚመጣውን ከላይ ተናግሬአለሁ።

የምትይዙት

አጎዛ አንደኛ ነው። ፀጉሩ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከሥሩ ደረቅ ሣር ቢነጠፍ አምስት ሰዓት ያስቀምጣል። የፕላስቲክ ወንበር ይንቋቋል፤ ተዉት። ከሥር ስስ ሹራብ፣ ከላይ ወፍራም ሹራብ፣ ከዚያ ጃኬት፣ በሁሉም ላይ በርኖስ ወይም ቡሉኮ። ነጭ ጋቢ ከሩቅ ያበራል፤ የምትወዱት ከሆነ ከውስጥ ልበሱት። ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ አንዱ በኪስ። ስትወጡ ያልባችሁበትን እዚያ ስትደርሱ ቀይሩ። ብርዱ የሚገባው በላብ ነው።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቆሎ ሁላችንም እንወዳለን፤ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ቆሎ ስትቆረጥሙ ለራሳችሁም ይጮኽባችኋል። ዳቦ ቆሎም ያው ነው። የበሶ ጭብጦ ያዙ። ድምፅ የለውም፣ ሽታው ትንሽ ነው፣ ሆድ ይይዛል። ቡናውን ከመውጣታችሁ በፊት ጠጡት፤ በፔርሙስ ይዛችሁ መደበቂያው ውስጥ ከከፈታችሁት ሽታው ይሄዳል። ውኃ ግን በየጊዜው ጎንጨት በሉ።

የካሜራ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል። ትርፉን ደረታችሁ ሥር፣ ሰውነታችሁ አጠገብ አድርጉት። ስልክ ጠፍቶ ይቀመጥ። የካሜራውን ድምፅ የሚያጠፋ ምርጫ ካለ ተጠቀሙ፤ ፍላሽ በጭራሽ። የጸሐይ መከላከያ ቅባት ሽታ የሌለው ካላገኛችሁ ፊታችሁን በሻርፕ ሸፍኑ።

ቁጭ ማለት

ጎህ ሳይቀድ፣ 11 ሰዓት ላይ ቦታችሁ ድረሱ። በባትሪ መሬት መሬቱን እያያችሁ ሂዱ። ከመግባታችሁ በፊት ሽንታችሁን ራቅ ብላችሁ፣ ከሜዳው በተቃራኒ ሽኑ። ከዚያ ግቡና እቃችሁን በሙሉ የምትፈልጉት ቦታ አስቀምጡ። ውኃ በቀኝ፣ ባይኖኩላር ጭን ላይ፣ አመድ በግራ። በኋላ መፈለግ የለም።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከባዱ ነው። ሰውነት ገና ከመንገድ አልወጣም። ጉልበት ይበላል፣ አንገት ያሳክካል፣ ሐሳብ ይሮጣል። አትታገሉት። ዝም ብላችሁ አየር ሳቡ፣ አውጡ። አንድ አዛውንት ስካውት ከጎኔ ተቀምጠው እንዲህ ስገላበጥ አዩኝና በሹክሹክታ "አብሽር፤ መሬቱ ገና አላወቀህም" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ለማየት አልቸኩልም። መሬቱ እስኪያውቀኝ እጠብቃለሁ። ቁራው ከአጠገቤ ሲያርፍ፣ አይጥ ከጫማዬ ፊት ሲሮጥ ያኔ ገብቻለሁ ማለት ነው።

እግር ከመደንዘዙ በፊት ቦታ ቀይሩ። በየ20 ደቂቃው፣ በዝግታ፣ አንድ እግር ዘርጉ፣ አንድ እጠፉ። ጣቶቻችሁን በጫማ ውስጥ አንቀሳቅሱ። ይህ ከመደበቂያው ውጭ አይታይም። ሳል ከመጣ በበርኖሱ ውስጥ ሳሉ።

አያያችሁም ሥርዓት ይኑረው። ዓይን ዝም ብሎ ሲንከራተት ይደክማል። ሜዳውን በሐሳብ እንደ እርሻ እየተለመ ቃኙት። ከቅርቡ ትልም ጀምራችሁ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ እስከ አፋፉ። ጨርሳችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑና ለአንድ ደቂቃ አድምጡ። እንደገና ጀምሩ። ባይኖኩላሩን የምታነሱት አንድ ነገር ሲቀየር ነው። ቅድም ያልነበረ ቀይ ነጥብ፣ ወይም ድንገት ጭር ያሉ አይጦች። አይጦቹ ባንድ ጊዜ ከጠፉ የሆነ ነገር መጥቷል፤ ጭልፊትም ሊሆን ይችላል፣ ግን እዩ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎችን እንዳትንቁ። ሌሊቱን ገደል ውስጥ ያድራሉ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ቀበሮ በመካከላቸው በሰላም ይመላለሳል። በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ በሚባለው ቦታ የተደረገ ጥናት ቀበሮው በጭላዳዎች መሐል ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ያህል፣ ያለ እነሱ ሲያድን ግን 25 ጊዜ ያህል እንደሚሳካለት አሳይቷል። ስለዚህ ጭላዳ ሜዳው ላይ ከተሰማራ ዓይናችሁን ከመንጋው አታርቁ። ከብዙ ቡናማ ጀርባ መሐል አንዱ ቀላ ብሎ ዝቅ ብሎ ሊሄድ ይችላል።

አሁን ስለ ሰዓቱ። ብዙ ሰው 3 ሰዓት ላይ "አልመጣም" ብሎ ይነሳል። ይህ ያሳዝነኛል። በዚያ ከፍታ አይጦቹ ራሳቸው ብርዱ እስኪለቃቸው ከጉድጓድ አይወጡም። ፀሐይ ሣሩን ስታደርቀው ነው መውጣት የሚጀምሩት። ገበታው ሲቀርብ እናንተ ተነስታችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው። ሰውና ከብት የሚበዛበት ቦታ ከሆነ ግን ቀበሮው ይሸማቀቃል፤ እዚያ ማለዳና ምሽት ይሻላል። የትኛው እንደሆነ እረኞቹን ጠይቁ። እኔ እስከ 6 ሰዓት እቀመጣለሁ። ከዚያ ወርጄ በልቼ፣ 9 ሰዓት ላይ ተመልሼ እስኪጨልም እቆያለሁ።

ትንሽ ደብተር ያዙ። ሰዓት፣ ነፋስ፣ ያያችሁትን ጻፉ። "2፡40፣ ነፋስ ቁልቁል፣ ጭላዳ 30 ያህል፣ ቀበሮ የለም።" እንዲህ ያለ መስመር ባዶ ቀንንም ዋጋ ይሰጠዋል። በሦስተኛው ቀን ደብተሩ ራሱ የት መቀመጥ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ሲመጣ

ባየሁት በጣም ቅርብ አደን ላይ ቀበሮዋ 40 እርምጃ አትርቅም ነበር። እየተራመደች መጥታ ቆመች። ጆሮዎቿ ወደ ፊት ተቀሰሩ። ጭንቅላቷን ትንሽ ወደ ግራ አዘነበለች፣ ከመሬት በታች የሚሄድ ነገር እንደምትሰማ። አንዱ የፊት እግሯ በአየር ላይ ቀረ። እንደዚያ ሆና በጣም ቆየች፤ ትንፋሼን መቁጠር ጀምሬ ነበር። ከዚያ ሆዷ ሣሩን እስኪነካ ዝቅ ብላ ሦስት እርምጃ ሄደች። ዘለለች። አፍንጫዋ አፈር ውስጥ ገባ፣ የኋላ እግሮቿ ተንጠለጠሉ፣ አፈሩ በሁለት በኩል ተበተነ። ስትወጣ አፏ ባዶ ነበር። ራሷን አራገፈችና እንደገና ቆመች። ጆሮ፣ ጭንቅላት፣ አንድ እግር። በአራተኛው ሙከራ ያዘች።

ሲመጣ ወዲያው ካሜራ አታንሱ። መጀመሪያ እዩት። ሥራ እስኪጀምር ተዉት፤ ዓይኑ መሬት ላይ ሲተከል ያኔ በዝግታ አንሱ። ቀና ካለ ቀጥ በሉ። ወደ እናንተ ከመጣ ይምጣ። ተጠግታችሁ ለማንሳት ከመደበቂያው እንዳትወጡ፣ አታፏጩ፣ የሌላ እንስሳ ድምፅ ከስልክ አታሰሙ። መንገዱን ከቀየረ፣ ደጋግሞ ወደ እናንተ ካየ፣ ቅሬታውን እየነገራችሁ ነው። ዓይናችሁን ከእሱ አንሱ፣ ጸጥ በሉ።

ስትወጡ

ቀበሮው እያየ አትውጡ። እስኪርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ በገባችሁበት መንገድ ውጡ። በመጨረሻው ቀን ጆንያውን፣ ሲባጎውን፣ እንጨቱን በሙሉ አውርዱ። እንጨቱን ለእረኞቹ እናት ስጡ፤ እዚያ ላይ ማገዶ ውድ ነው። የጫናችሁትን ድንጋይ ወደ ቦታው መልሱ፤ ከሥሩ የሚኖር ነገር አለ።

ስካውቱን ከተስማማችሁት ሳትቀንሱ እዚያው በእጁ ክፈሉ። ከዚያ ጽሕፈት ቤቱ ጋ ቆም በሉና ደብተራችሁን አሳዩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ስንት እንደነበሩ፣ ቡችላ አብሯቸው እንዳለ። በተለይ የሚያነክስ፣ የሚንገዳገድ ወይም ሰው የማይፈራ ቀበሮ ካያችሁ ሳታድሩ ተናገሩ። ያ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ቀን መዘግየት ለአንድ ቡድን ብዙ ነው።